ስራም ጠፍቶ ቤትም ተጨንቆ "ተመስገን" ከልብ የሚባለው እንዴት ነው?

የሜክሲኮዋ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ትንሽ ረዘም ይላል ግን አንብቡልኝ። ጤና ላይ የሚሰራ ፕሮጀክት ውስጥ ነበርኩ፣ ገንዘቡ ከአሜሪካ ነበር የሚመጣው። 2017 ጥር 12 የቃና ዘገሊላ እለት ትራምፕ የውጭ እርዳታ ይቁም ብሎ ሲፈርም እኛ ቤት ገና የጥምቀት እንግዳ አልወጣም ነበር፣ ብዙም ሳይቆይ ስራ አቁሙ የሚል ኢሜይል መጣ ከዛ ኮንትራታችን ተቋረጠ። እኔ ብቻ አይደለሁም፣ በጤና ሚኒስቴር በኩል በአሜሪካ ገንዘብ የተቀጠሩ 5 ሺህ የጤና ባለሙያዎችም የተሰናበቱት ያኔ ነው። የባለቤቴ ሱቅ ደሞ ከዛ በፊት ነው ኪራዩ ሲወደድ የተዘጋው። እናቴ እኛ ጋር ነች፣ ስኳር አለባት ኩላሊቷም ተነክቷል፣ የኢንሱሊኑን ብር እህቴ ከጅዳ ትልካለች፣ እሷም ሰው ቤት እየሰራች። ልጆቹንም ከግል ትምህርት ቤት አውጥተን መንግስት አስገባናቸው።

የከበደኝ ነገር ሰው ሁሉ "ተመስገን በይ ዋናው ጤና ነው" ይለኛል፣ ጤናም እኮ የለም። ወይ ደሞ "ካንቺ የባሰ አለ" ይሉኛል፣ የሌላ ሰው መከራ አይቼ እንዴት ነው ደስ የሚለኝ? ማመስገን እፈልጋለሁ፣ እውነት እፈልጋለሁ፣ አማኝ ነኝ፣ ግን አፌ ተመስገን ሲል ሆዴ አብሮ አይልም። ያለፈባችሁ ካላችሁ እንዴት እንዳደረጋችሁት ንገሩኝ፣ ስብከቱን ሳይሆን የኖራችሁትን።

ከሀዋሳ፦
አይዞሽ እህቴ። እኔ ሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ስፌት ላይ ነበርኩ። ኢትዮጵያ ከታህሳስ 23 2014 ጀምሮ ከአጎዋ ስትወጣ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ይገባ የነበረው ልብስ ቀረጥ መጣበት፣ ትእዛዝ ቀነሰ፣ እኛም ተቀነስን። አንድ ክፍል ተከራይተን ብዙ ሴቶች ነበር የምንኖረው፣ ከመሀላችን ያልተቀነሰችው አንዷ ለሁላችንም ዱቄት ትገዛ ነበር፣ አንድም ቀን ፊቷ ሳይጠቁር። "የባሰ አለ" የሚለው እኔንም አልረዳኝም። የረዳኝ ማታ ልተኛ ስል ዛሬ ማን ምን አደረገልኝ ብዬ በስም መጥራት ነው። ያቺን ልጅ፣ ኪራዩን የታገሰችኝን አከራይ፣ ጉልት ላይ ሽንኩርት በዱቤ የሰጠችኝን ሴትዮ። ስማቸውን ስጠራ ምስጋናው ራሱ ይመጣል፣ አስገድጄው አይደለም። አንዳንድ ቀን የምጠራው ሰው አይኖርም፣ ያን ቀን ዝም ብዬ እተኛለሁ፣ ፈጣሪም የሚቆጣ አይመስለኝም።

የደሴዋ፦
እኔ ሙስሊም ነኝ ግን ጥያቄሽ የኔም ነው። እኛ ጋር በደጉም በክፉውም "አልሐምዱሊላህ አላ ኩሊ ሃል" ይባላል፣ ግን ነቢዩ ያዕቆብ እኮ ዩሱፍ ሲጠፋባቸው አይናቸው እስኪጠፋ አልቅሰዋል፣ ሰብር ማለትም ትዕግስት የላቸውም ያለ የለም። ነቢያችንም ሰዐወ ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት አልቅሰዋል። ስለዚህ ሆዴ እምቢ አለኝ ብለሽ ራስሽን አትውቀሺ የኔ እህት፣ እንባና ሹክር (ምስጋና) አብረው ይሆናሉ። ሰውን ያላመሰገነ አላህን አላመሰገነም የሚል ሀዲስም አለ፣ ከላይ እህታችን ያለችው ይሄንኑ ነው።

አንድ ነገር ልለምንሽ፣ ጅዳ ያለችውን እህትሽን። እኔም ሳውዲ ሰው ቤት ሰርቻለሁ፣ ብር ስልክ "ደረሰ" ብቻ ነበር የምባለው። አንዴ ግን እናቴ በላኩት የተገዛውን መድሃኒት በእጇ ይዛ ፎቶ ተነስታ አስላከችልኝ፣ ያን ፎቶ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላህ ነው የሚያውቀው፣ የድካሜን መድረሻ አየሁት። አንቺም ደውዪላትና የእማማ ስኳር ዛሬ ስንት እንደሆነ ንገሪያት፣ ድምፃቸውን አሰሚያት። ከዚህ የበለጠ ምስጋና አላውቅም።

እማማ ሽሮሜዳ፦
ልጄ በርቺ። እኔ በ1983 ሰራዊቱ ሲበተን ባለቤቴ ወታደር ነበሩ፣ ከደሞዝ ወደ ባዶ በአንድ ቀን። እንጀራ እየጋገርኩ እየሸጥኩ ልጆች አሳደግን። ቅዳሴ ላይ በጸሎተ አኮቴት የምናመሰግነው እኮ ጠብቆ እስከዚች ሰአት ስላደረሰን ነው፣ እኔም ስለነገ ማመስገን ሲያቅተኝ እስከዛሬ ማታ ስላደረሰኝ ብቻ አመሰግን ነበር፣ የነገውን ለነገ።
ስለራስሽ ጻፍሽ፣ ስለእናትሽ ጻፍሽ፣ ስለባለቤትሽ ግን ሱቁ ተዘጋ ብቻ ነው ያልሽው። ወንድ ልጅ ስራ ሲያጣ ዝም ይላል፣ ዝምታው ቤቱን ይከብደዋል። ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርሰው እሱ ከሆነ፣ ለእናትሽ መድሃኒት የሚሮጠው እሱ ከሆነ፣ ልጆቹ እየሰሙ አመስግኚው።

ኤችአር ነበርኩ፦
የተባለው ሁሉ ልክ ነው፣ አንድ የምጨምረው ተመስገን ብሎ መብትን መተው እንዳይመጣ ነው፣ ብዙ ሰው "እግዜር ያውቃል" ብሎ የሚገባውን ሳይጠይቅ ሲቀር በስራዬ አይቻለሁ፣ ያበሳጨኛል። የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 ላይ የስራ ስንብት ክፍያ አለ፣ ለመጀመሪያው አመት የ30 ቀን ደሞዝ፣ ለሚቀጥለው ለያንዳንዱ አመት የዛ ሲሶ ይጨመራል፣ ጠቅላላው ከ12 ወር ደሞዝ አይበልጥም። ድርጅት ሲዘጋ ወይም ሰራተኛ ሲቀነስ ደሞ ተጨማሪ የ60 ቀን አለ። ያልወሰድሽው የአመት እረፍትም በገንዘብ ይታሰባል። የኮንትራትሽ አይነት ለውጥ ስላለው ደብዳቤሽን በደንብ እዪው።

የሜክሲኮዋ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ፣ እያለቀስኩ ነው ያነበብኩት። እማማ እውነትዎን ነው፣ ልጆቹን የሚያመላልሰው እሱ ነው፣ መድሃኒቱንም ፋርማሲ ለፋርማሲ ዞሮ የሚያገኘው እሱ። ለእህቴ ዛሬ ማታ ከስራ ስትወጣ እደውላለሁ። ኤችአር ነበርኩ ያልከው ወንድሜ፣ ኮንትራቴ በየአመቱ ነበር የሚታደሰው፣ የተሰጠኝም የአንድ ወር ደሞዝ ብቻ ነው፣ ይሄ እንዴት ይታያል?

ኤችአር ነበርኩ፦
በየአመቱ እየታደሰ ስራው ያው ከሆነ የሚያከራክር ነገር አለ፣ ዝም ብለሽ አትለፊው። ሁሉንም ኮንትራቶች፣ የመጨረሻውን የደሞዝ ስሊፕና የስንብት ደብዳቤውን ይዘሽ መጀመሪያ ድርጅቱን በጽሁፍ ጠይቂ፣ ቀን ያለበት ኮፒ አስቀሪ። ጊዜ አትስጪው፣ የይርጋ ጉዳይ አለ፣ መብትሽን የምትጠይቂበት ጊዜ ሊያልፍብሽ ይችላል። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ አብረን እናሰላዋለን።