የፕሮቲኖቹ ካርታ ተተብትቦብኛል፣ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የማስተርስ ጥናቴ በአንጀት ካንሰር ሴሎች ውስጥ የትኛው ፕሮቲን ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝ ካርታ መሥራት ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ቦታ ላይ ቆሜያለሁ።

ወደ 200 ጂኖች ስትሪንግ (የፕሮቲኖችን ግንኙነት የያዘ የመረጃ ቋት) ላይ አስገብቼ ውጤቱን በሳይቶስኬፕ (ግንኙነቱን በሥዕል በሚያሳይ ፕሮግራም) ከፈትኩት። ስክሪኑን የሞላው ውሉ የጠፋ ክር ነው። መሃል ላይ ካንሰርን የሚከላከለው ፕሮቲን ቲፒ53 ተቀምጦ ከሁሉም ጋር ተያይዟል። ብዙ ስለተጠና ብቻ ይሆን? የውጤት ገደቡን (ግንኙነቱ ምን ያህል አስተማማኝ መሆን እንዳለበት የሚወስነውን ቁጥር) ከ0.4 ወደ 0.9 ሳሳድገው ደግሞ ብዙም ያልተጠኑት፣ እኔ የምፈልጋቸው ፕሮቲኖች ጠፉ።

ከሁሉ በላይ የጨነቀኝ አቅጣጫው ነው። ሴሉ እንዲከፋፈል የሚያዘው ምልክት በሴሉ ገጽ ላይ ካለው ፕሮቲን ከኢጂኤፍአር ተነስቶ በጂአርቢ2 እና በሶስ1 በኩል ኬራስ የተባለውን ፕሮቲን ያነቃል፤ ከዚያ ራፍ፣ ሜክ፣ ኧርክ እያለ ከፕሮቲን ወደ ፕሮቲን ይወርዳል። ኬራስ በሚውቴሽን (በጂን ለውጥ) ሲበላሽ ከላይ ትእዛዝ ባይመጣም ሴሉን "ተከፋፈል" ማለቱን አያቆምም። የእኔ ካርታ ግን መስመር ብቻ ነው። ማን ማንን እንደሚያዝ አይናገርም።

በአካል የሚነካኩትን ብቻ ላስቀር ወይስ በጥናት ጽሑፎች አብረው የተጠቀሱትንም ልያዝ? አቅጣጫውንስ ከየት ላምጣ? አክስቴን በዚህ በሽታ ነው ያጣሁት፤ እንዲሁ አሳምሬ ላስረክበው አልፈልግም። የሠራችሁበት ካላችሁ ፋይሉን እልክላችኋለሁ።