የሴሊካዬን የፊት ሞላ ላጠንክር ነው፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?

ባለሴሊካ (ደብረ ማርቆስ)

ሰላም ቤተሰብ። ያለችኝ የ2001 ሞዴል ቶዮታ ሴሊካ ናት፤ 1.8 ሞተር፣ ማንዋል ማርሽ። ቀጥ ያለ መንገድ ላይ እንከን አይወጣላትም። ጣጣው ኩርባ ላይ ነው። ባለፈው ከአዲስ አበባ ስመለስ ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል ወደ አባይ ወረድኩ። ፍሬን ስነካ አፍንጫዋን ትደፋለች። መሪ ሳዞር ጭነቱ እንደከበደው በቅሎ ታጋድላለች። ድልድዩን ተሻግሬ ወደ ደጀን ስወጣ ደግሞ መሪውን አዙሬም እሷ ወደ ውጭ ትሸሻለች። አብሮኝ የነበረው አጎቴ የበሩን እጀታ ሙጭጭ አድርጎ ይዞ ደጀን እስክንደርስ ቃል አልተነፈሰም።

መካኒኬ ሁለት ምርጫ ሰጠኝ። አንዱ የፊት ሞላውን አንድ ዙር መቁረጥ ነው። ሌላው ከሶማሌ ተራ ወፈር፣ አጠር ያለ ሞላ አስመጥቶ ለፊት ብቻ መግጠም። "ኋላው አይነካ" ብሎኛል። የትኛው ይሻላል? ብሬን ሜዳ ላይ እንዳልበትን።

ጣና ዳር

ወንድምዓለም፣ መቁረጡን እርሳው። ያቃጠለኝ ነገር ስለሆነ ነው የምነግርህ። አሮጌ ኮሮላዬን አስቆርጬ ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት ደስ አለኝ፤ ዝቅ ብላ ታምራለች። ከዚያ ዱርቤቴ አካባቢ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ገባሁ። ጎማው ሲንጠለጠል ያጠረው ሞላ ከመቀመጫው ወጣ፤ ሲመለስ "ቋ!" አለ። ከዚያ በኋላ በየጉድጓዱ "ቋ"። የቆረጡት በእሳት ስለነበር ብረቱ ለስልሶ ግራው ቀስ በቀስ ተቀመጠ። በመጨረሻ ሁለቱንም አውጥቼ ሌላ ገዛሁ።

ብረት ቤት (ቡሬ)

ማሽን ሾፕ ነው የምሠራው፤ ስለ መኪና ብዙ አላውቅም፤ ስለ ሞላ ግን ትንሽ ልበል። "ወፈር ያለ" ሲሉህ ምን ያህል እንደሆነ በካሊፐር ለካ። የሞላ ጥንካሬ የሚያድገው በሽቦው ውፍረት ልክ አይደለም። ውፍረቱ አራት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ነው የሚቆጠረው። ከ12 ሚሊ ወደ 13 ሚሊ ብትሄድ፣ ሌላው ሁሉ እኩል ሆኖ፣ ሞላው 38 በመቶ ገደማ ይጠነክራል። አንድ ሚሊ በዓይን አይታይም እኮ! ሻጩ "ያው ነው" ይልሃል፤ ወገብህ ግን ያውቀዋል።

ዙር መቁረጥም ያጠነክራል። የሚሠሩት ዙሮች 5 ከነበሩና 4 ከቀሩ 25 በመቶ ይጨምራል። ግን መኪናዋም ትወርዳለች፤ ስትቆም በሁለት ዙር መካከል የሚታየውን ርቀት ያህል ዝቅ ትላለች። ያን ያህል መውረድ የፈለግህ አልመሰለኝም።

ደጀን ኬላ

ሁላችሁም ሞላ ሞላ ትላላችሁ። ጎማው ስንት ዓመቱ ነው? ንፋሱስ? ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ቀጥሎ መጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች አንብብ። 3515 ካለ በ2015፣ በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር። ንፋሱን ጠዋት፣ ሳትነዳ ለካ። በረሃው ውስጥ ጎማ ሲሞቅ በየ10 ዲግሪው ወደ 2 ፒኤስአይ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ ታች ወርደህ ለክተህ ብትቀንስ ደጀን ላይ ሲበርድ ጎደሎ ይዘህ ነው የምትነዳው። ቁልቁለቱን ደግሞ በከባድ ማርሽ ውረድ። ፍሬን ላይ ተኝተህ ከወረድክ የትኛውም ሞላ አያድንህም።

የባሕር ዳር ልጅ

ኧረ አታካብዱ። እኔ አጭር ሞላ ለአራቱም ጎማ ገጥሜ ዓመት አለፈኝ። መኪናዬ መሬት ትይዛለች። ችግሯ ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ብቻ ነው፤ ሰያፍ ካልሄድኩ ፓራውልቱ ይላጫል። አስፋልት ላይ ብቻ የሚነዳ ሰው ምን አስጨነቀው?

ጋራዥ እንጅባራ

የባሕር ዳሩ ልጅ ልክ ነህ፤ ግን የራስህን ቃል እይ፤ "ለአራቱም" ነው ያልከው። ባለሴሊካ ግን ኋላው አይነካ ተብሏል። ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ስማኝ ባለሴሊካ። ሁለት በሽታ ነው የነገርከን። አፍንጫ መድፋቱ አንድ ነው፤ ወደ ውጭ መሸሹ ሌላ ነው። ጠንካራ የፊት ሞላ የመጀመሪያውን ይቀንሳል። ሆኖም ፍሬን ስትይዝ ወደ ፊት የሚዞረው ክብደት ያው ነው፤ አፍንጫዋ ብዙ አለመውረዷ ብቻ ነው ልዩነቱ። ቶሎ አትቆምም።

ሁለተኛው ግን ይብስብሃል። ኩርባ ላይ ክብደት ወደ ውጭኛው ጎማ ይሄዳል። ከፊትና ከኋላ የበለጠ የጠነከረው ወገን የበለጠ ይሸከማል። ሴሊካ የምትጎተተው በፊት እግሯ ነው። የፊት ጎማ ያዞራል፣ ይጎትታል፣ በፍሬን ጊዜም ትልቁን ድርሻ ይይዛል። በዚያ ላይ ፊቱን ብቻ አጠንክረህ ስትጭንበት መጀመሪያ የሚለቀው እሱ ነው። አሁን ከምትሸሸው ነገ አብዝታ ትሸሻለች።

ማሳጠሩም እንደምታስበው አይደለም። የፊት እግሯ ሾኩ (የሞላውን ንጥረት የሚያበርደው) እና ሞላው በአንድ ቋሚ ላይ የተሠራ ነው። መኪናዋን ብዙ ስታወርዳት የታችኛው ብራቾ (ጎማውን ከአካሏ የሚያያይዘው ክንድ) ጫፉ ወደ ላይ ይቀናል። ያን ጊዜ አካሏ የሚያጋድልበት ነጥብ ከክብደቷ መሃል ፈጥኖ ይወርዳል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ይሰፋል። ዝቅ ብላ ሳለ የማጋደል ፍላጎቷ ይጨምራል ማለት ነው። ይህን ለልጆቹ ጋራዥ ውስጥ አፈር ላይ በእንጨት ሥዬ ነው የማሳያቸው፤ እንዲህ በጽሑፍ ይከብደኛል።

አባይ በረሃ ደግሞ መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ ሞገድ አለው። እዚህ አዊ ውስጥ ፈረሰኛ ታያለህ አይደል? ጉልበቱን ያደረቀ ፈረሰኛ ኮርቻው ያነጥረዋል። ሞላም ከልክ በላይ ሲደርቅ፣ አሮጌ ሾክ ይዞ፣ ጎማው ሞገዱ ላይ ይዘላል። አየር ላይ ያለ ጎማ አይታጠፍም።

ስለዚህ ሞላ ከመግዛትህ በፊት ሾኮቹን እይ፤ ዘይት አርጥቧቸው አቧራ ከለበሱ አልቀዋል። የብራቾ ጎሚኒ (የመገጣጠሚያው ጎማ)፣ የስታቢላይዘር (ግራና ቀኙን አገናኝቶ ማጋደል የሚቀንሰው ዘንግ) ሊንክ፣ የሾኩን የላይ ማረፊያ ጎማም እይ። ሜዳ ላይ አቁመህ ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ያለው ቆርቆሮ) ጠርዝ በሜትር ለካ፤ ግራና ቀኝ ይለያያል?

አንድ ነገር አደራ፦ ሞላው በማጥበቂያ ሳይታሰር የላይኛውን መሃል ብሎን እንዳያስፈቱት። የታመቀ ሞላ ሲፈናጠር ሰው ይገድላል።

ባለሴሊካ (ደብረ ማርቆስ)

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለት ሳምንት ጠፋሁ፤ ውጤቱን ይዤ መጣሁ።

የግራ ፊት ሾክ ሙሉ በሙሉ አልቋል። አቧራና ዘይት ተጋግሮበት ጭቃ የተለሰነ ግድግዳ መስሏል። የሁለቱም ብራቾ የኋላ ጎሚኒ ተሰንጥቋል፤ ጣቴ ገባ። ግራው ከቀኙ ትንሽ ዝቅ ብሏል። የደጀን ኬላ ጥያቄ ደግሞ አሳፈረኝ፤ ጎማዎቹ 2212 ይላሉ፤ የፊት ግራ 24፣ ቀኙ 31 ፒኤስአይ ነበር።

ሁለቱን የፊት ሾክ፣ ጎሚኒዎቹን፣ አራቱንም ጎማ ቀየርኩ። ሞላውን አልነካሁም። አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከል) አሠርቼ ቅዳሜ ወደ አባይ ወርጄ ወጣሁ። ሌላ መኪና ናት! የግራና የቀኝ ከፍታ ልዩነቱም ቀንሷል። አፍንጫ መድፋቷ በግማሽ ቀንሷል። ማጋደሉ ግን ትንሽ አለ፤ ኩርባ ላይ ጠንክሬ ስገባ ዛሬም ወደ ውጭ ትገፋለች። አሁንስ ሞላ ልግዛ?

ብረት ቤት (ቡሬ)

ደስ ይላል። የጨረስክ መስሎኝ ነበር፤ አላለቀልህም ማለት ነው።

ጋራዥ እንጅባራ

መጀመሪያ የኋላውን ስታቢላይዘር ወፈር አድርገው። ማጋደሉን ይቀንሳል፤ ከኋላ ስለሆነ ደግሞ የፊት ጎማው ያርፋል፤ አፍንጫዋ ወደ ውስጥ ትገባልሃለች። ቀጥ ስትሄድ ምቾትህን ብዙ አይነካም። ግን አታብዛው። ዝናብ ላይ ኩርባ መሃል ነዳጅ በድንገት ከለቀቅህ ኋላዋ ይወጣብሃል፤ የክረምት አስፋልት ታውቃለህ።

ሞላ ካማረህ አራቱንም፣ ለራሷ ለሴሊካ ተብሎ በአንድ ስብስብ የተሠራ ግዛ። ከ2 እስከ 3 ሴንቲ በላይ አታውርዳት። ከገጠምክ በኋላ አላይመንት እንደገና ነው፤ አለዚያ አዲሱ ጎማህ በውስጥ በኩል ይበላል።

ባለሴሊካ (ደብረ ማርቆስ)

እሺ ጋሼ፣ ስታቢላይዘሩን አስፈልጋለሁ። አንዲት ጥያቄ ብቻ ቀረችኝ። ከትናንት ጀምሮ ጉብታ ስሻገር ከፊት በኩል "ጭው ጭው" የሚል ድምፅ መጣ። አዲስ ዕቃ ነው እኮ!

ጋራዥ እንጅባራ

የብራቾውን ብሎን ያጠበቁት መኪናዋ መሬት ላይ ቆማ ነው ወይስ በክሪክ ተነሥታ?

ባለሴሊካ (ደብረ ማርቆስ)

በክሪክ ተነሥታ፣ ጎማው ተንጠልጥሎ።

ጋራዥ እንጅባራ

በል አስፈታው። ተንጠልጥሎ ከጠበቀ መሬት ስትወርድ ጎሚኒው ተጠማዝዞ ይቀራል፤ በጥቂት ወር ይቀደዳል። ብሎኖቹን አላልተው፣ መኪናዋን በአራት ጎማዋ አቁመው፣ ፊቷን ሁለት ሦስት ጊዜ ተጭነው ያስቀምጧት፤ ከዚያ ያጥብቁ። ሰዓት አይፈጅም።

ባለሴሊካ (ደብረ ማርቆስ)

ነገ ጠዋት በሩን ሲከፍቱ እዚያ ነኝ። አጎቴ ግን አሁንም በአውቶቡስ ነው የምሄደው ብሏል።