የሎሚ በረዶ ድንጋይ እየሆነ አስቸገረ

የለገጣፎዋ፦ እስቲ ባለሙያዎች፣ የሎሚ ጭማቂ በስኳርና በውሃ በጥብጬ ፍሪዘር ውስጥ ሳሳድረው ማንኪያ የማይበሳው ይሆናል። አይስክሬም ማሽን የለም። ለ1 ሊትር ልኩ ስንት ነው?

ሰንዳፋ፦ ስኳር አንሶት ነው። ስኳሩ ለማጣፈጥ ብቻ አይደለም፤ ውሃው ጨርሶ ድንጋይ እንዳይሆን የሚይዘው እሱ ነው። 250 ግራም ስኳር በ550 ሚሊ ሊትር ውሃ አሙቂ፣ ሟሙቶ ሲጠራ አውጪው። በደንብ ሲቀዘቅዝ 200 ሚሊ ሊትር የተጠለለ የሎሚ ጭማቂ ጨምሪ። ጭማቂውን እሳት እንዳታስነኪው፣ መዓዛው ይሞታል። ገና ፈሳሽ ሳለ ስትቀምሺው ትንሽ ከጣፈጠብሽ ልክ ነው፤ ብርድ ጣዕም ይቀንሳል።

ሱሉልታ፦ ልኩ ደህና ነው፣ ግን ዋናው መፋቁ ነው። ሰፊ ትሪ ላይ ከ2 ሳንቲ ሜትር ሳይበልጥ አፍስሺው። ከ45 ደቂቃ በኋላ ዳር ዳሩ ሲይዝ በሹካ ፍቀሽ ወደ መሃል ቀላቅይ፤ ከዚያ በየ30 ደቂቃው 4 ወይም 5 ጊዜ። ጎድጓዳ ዕቃ ከሆነ ዳሩ ደርቆ መሃሉ ውሃ ይቀራል። ልጣጭ ካማረሽ አረንጓዴውን ብቻ ፈቅፍቂ፣ ነጩ ይመራል።

የለገጣፎዋ፦ መሃል ላይ መብራት ቢጠፋስ? በብርቱካንስ ይሆናል?

ሰንዳፋ፦ ከጠፋ ፍሪዘሩን አትክፈቺ። ቀልጦ ዳግም ከረጋ ይሻክራል፤ ቆራርጠሽ በጁስ መፍጫ አንዴ ፍጪና መልሺው። ብርቱካን የራሱ ስኳር ስላለው ለ750 ሚሊ ሊትር ጭማቂ 150 ግራም ይበቃል። ውሃ አትጨምሪ፣ እስኪሟሟ አማስይው። አንድ ሎሚ ጭመቂበት፣ ያለዚያ ስኳር ስኳር ብቻ ይላል።