«ከአጥቢያ ኮከብ ካልደመቀ አትላኩ»?

የአዘዞው፦ ትናንት እዚህ፣ ተወርዋሪ ኮከብ በምንመዘግብበት ግሩፕ፣ «ከአጥቢያ ኮከብ ካልደመቀ ሪፖርት አታድርጉ» የተባለው በጣም አናዶኛል። ሐሙስ ማታ መብራት ጠፍቶ ደጅ ቆሜ ሳለሁ ሰማዩ ቦግ አለ። የገዛ ጥላዬ ቆርቆሮ አጥሩ ላይ ከቀኝ ወደ ግራ ሲሄድ አየሁ። አጥቢያ ኮከብ በዚያ ሰዓት አልነበረችም። ከምን ጋር ላወዳድር? ግራ ገብቶኝ ሳልልክ ቀረሁ።

የፊዚክስ መምህሯ፦ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም እላለሁ። ፋየርቦል የሚባለው በጣም ደማቅ ተወርዋሪ ኮከብ ነው፤ በከዋክብት ድምቀት መለኪያ ከኔጌቲቭ 4፣ ማለትም ከአጥቢያ ኮከብ ገደማ፣ በላይ የደመቀው። ተራው ተወርዋሪ ኮከብ ሁሉ ከተላከማ ታኅሣሥ 4 እና 5 ጀሚኒድ የሚባለው የተወርዋሪ ኮከብ ናዳ ሲዘንብ ማን ያጣራዋል? አንተ ግን ወንድሜ፣ ጥላ ካየህ ምን አጠራጠረህ? ያኔውኑ መላክ ነበረብህ።

የማራኪው፦ መምህርት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ያቺ «አጥቢያ ኮከብ» ናት ሰውን ያሳሳተችው። የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት በፈረንጆች 2017 ልኩን ሲያወጣ ከ100 ኪሎ ሜትር ርቀት ሲታይ ነው ያለው። ወደ አድማሱ ዝቅ ብሎ የምናየው 300 ኪሎ ሜትር ሊርቅ ይችላል። 3 እጥፍ ሲርቅ 9 እጥፍ ይፈዛል። ጎንደር ላለነው ለእኛ ትንሽ የመሰለው እዚያ ሩቅ ከሥሩ ላለ ሰው አናቱ ላይ ግቢውን አብርቶለት ይሆናል። በዓይን ለክታችሁ ተዉት ስንል እሱንም አብረን ጣልነው።

ሹፌሩ፦ እውነት ነው! የእኔንም ክረምት ላይ «ሳተላይት ነው» ብላችሁ ጣላችሁት።

የፊዚክስ መምህሯ፦ «ከ30 ሰከንድ በላይ ቆየ» ብለህ የጻፍከው ራስህ ነህ። ሚቲዮር፣ ተወርዋሪ ኮከብ ማለት፣ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሰከንድ ያልቃል። ተቃጥሎ የሚወርድ ሳተላይት ነው እንዲያ የሚያዘግመው።

ሹፌሩ፦ መሪ ይዤ ሰከንድ ልቁጠር? ረጅም መሰለኝ፣ ረጅም ብዬ ጻፍኩ።

የማራኪው፦ የአዘዞው፣ ድምፅስ?

የአዘዞው፦ ምንም። ወዲያው ገባሁ።

የማራኪው፦ እሱ ነው ስህተቱ። ድምፅ 1 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 3 ሰከንድ ይፈልጋል። 60 ኪሎ ሜትር ላይ ከፈነዳ 3 ደቂቃ መጠበቅ ነው። በፈረንጆች 2013 ሩሲያ ቼልያቢንስክ ላይ ሚቲዮር ሲፈነዳ ሰው ብርሃኑን አይቶ መስኮት ጋ ሄዶ ሲቆም አይደል መስታወቱ የረገፈበት?

የፊዚክስ መምህሯ፦ ይሁን፣ ርቀቱን ተቀብያለሁ። ልኩን ግን አልለቅም። ልክ የሌለው መዝገብ ማንም አያምነውም።

የማራኪው፦ ልኩን መዝጋቢው ያውጣ። ያየ ሰው አቅጣጫውን ይናገር።

የአዘዞው፦ ከጎሃ ኮረብታ በላይ ተነስቶ ወደ ምዕራብ ነው የሄደው። ሐሙስ ማታ ደባርቅ የነበረ አለ?