አስቸኳይ! ፍሪጁ ቆመ፣ የደቻቱ ናሙና ሊበላሽብኝ ነው

የሳቢያን ተማሪ፦ እባካችሁ ቶሎ! መብራት ሄዶ የላቦራቶሪ ፍሪጅ ቆሟል። ዛሬ ጠዋት ከደቻቱ ወንዝ የቀዳሁት ውሃ ውስጡ ነው። ከፍሳሽ ጋር የሚገቡ መድኃኒቶች፣ የሕመም ማስታገሻው ዳይክሎፌናክና የሚጥል በሽታ መድኃኒቱ ካርባማዜፒን፣ ወንዙን ይዘው ወደ ታች ሲወርዱ እንዴት እንደሚቀንሱ ላጠና ነው። የሚመረመረው አዲስ አበባ ነው፣ መኪና የሚነሳው ነገ። የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ።

የቀፊራ ልጅ፦ አቦ፣ በረዶ! ጭማቂ ቤት ሩጥ። ለእኛም አንድ አቮካዶ ያዝልን።

መምህር፦ ከመሠረቱ እንየው። ኢቡፕሮፌንና ፓራሲታሞልን ባክቴሪያ ቶሎ ይበላቸዋል። ዳይክሎፌናክን በዋናነት የሚሰብረው ፀሐይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ጥናት፣ ስዊዘርላንድ ግራይፈንዜ ሐይቅ የገባው ዳይክሎፌናክ ከ90 በመቶ በላይ እንደሚጠፋ፣ ዋናው ምክንያትም ብርሃን መሆኑን አሳይቷል። ካርባማዜፒን ግን ሁለቱንም ይቋቋማል። ወንዝ ከመውረድ በፊት ይህ መታወቅ አለበት።

ገንደ ቆሬ፦ መምህር፣ ልጁ ቸኩሏል። ወንድሜ፣ ውሃው ተጣርቷል? ጠርሙሱስ ቡናማ ነው?

የሳቢያን ተማሪ፦ ቡናማ መስታወት ነው። ማጣሪያ አለኝ፣ ፓምፑ ግን በመብራት ነው የሚሠራው።

አዲስ አባል፦ በረዶ ግዛ። ጨው ጨምርበት፣ የበለጠ ይቀዘቅዛል።

ገንደ ቆሬ፦ ጨው አይሆንም! ከ0 ዲግሪ በታች ይወርድና ጠርሙሱን ይሰነጥቀዋል። በረዶው እስኪመጣ ፍሪጁን አትክፈት፤ ካልተከፈተ 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜ ይይዛል። ከዚያ አይስ ቦክስ ውስጥ፣ 4 ዲግሪ አካባቢ። ዛሬውኑ በ0.7 ማይክሮን የመስታወት ማጣሪያ አጣራው፤ በእጅ የሚሠራ ፓምፕ ይበቃል። ማጣሪያው ባክቴሪያውን ሁሉ አያስቀርም፣ ስለዚህ ከተጣራ በኋላም በረዶው ይቀጥል። መድኃኒቱን የሚይዝ ካርትሪጅ (ውሃ የሚያልፍበት ትንሽ ቱቦ) ካለህ ደግሞ የተጣራውን ቀስ ብለህ አሳልፈው። መድኃኒቱ ውሃው ውስጥ ከሚሆን ይልቅ እዚያ ላይ ሳይበላሽ ይቆያል።

ለገሃር፦ እኔ ጥናቱ ራሱ አልገባኝም። ደቻቱ አሸዋ ነው። ታች ላይ ቢቀንስ ሌላ ውሃ ተቀላቅሎት ይሆናል፤ በምን ፈረሰ ትላለህ?

ገንደ ቆሬ፦ ጥሩ ጥያቄ። ካርባማዜፒን የሚለካው ለዚህ እኮ ነው። ሁለቱም በግማሽ ከቀነሱ ውሃው ቀጥኗል ማለት ነው። ካርባማዜፒን ባለበት ሆኖ ዳይክሎፌናክ ብቻ ከቀነሰ፣ ያኔ የሆነ ነገር ወስዶታል። ፀሐይ ይሁን አሸዋው፣ የቀንና የሌሊት ናሙና ማወዳደር ይረዳል።

የቀፊራ ልጅ፦ በረዶ ተገኘ?

ገንደ ቆሬ፦ ሳቢያን፣ የእጅ ፓምፕ እኔ ጋ አለ። አሁን ከዚራ ሰፈር ነኝ፣ ቶሎ መልስ።