አልጋትም ያለ ፈረስ፣ ምን ይሻላል?

ዳማው ከባንጃ
እንዴት ዋላችሁ። ከእንጅባራ ትንሽ ወጣ ብዬ ነው የምኖረው። የ6 ዓመት ዳማ ፈረስ አለኝ። ለጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ይዤው ልወጣ አስቤ ነበር፣ ሰውነቱ ግን አልሞላ አለኝ። ገብሱን ይበላል፣ ድርቆሹን ይበላል፣ የጎን አጥንቱ ግን ይቆጠራል። ፋንድያውን አስመረመርሁና የሆድ ትል ነው ተባልሁ። ክኒን ተሰጠኝ፣ ያ እንደ አውራ ጣት የወፈረው ቦለስ።

ጣጣው ከዚህ ይጀምራል። ገብስ ውስጥ ደብቄ ሰጠሁት። ገብሱን ሙልጭ አድርጎ በልቶ ክኒኑን ግርግሙ ጥግ ላይ ለብቻው አስቀመጠልኝ፣ ያውም ጥርስ ሳያሳርፍበት! ፈጭቼ በፉርሽካ ለወስሁት፣ አንድ ጊዜ አሽትቶ ፊቱን አዞረ። በሦስተኛው ቀን ጎረቤቶቼ ተጠሩና አንዱ ጆሮውን፣ አንዱ ምላሱን ይዞ፣ ራሱን በገመድ ሽቅብ ሰቅለን በጠርሙስ በአፍንጫው ልንግተው ስንል ሁላችንንም ጭቃ ላይ ዘርሮን ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሃይላንድ ይዤ ካየኝ ራሱን ወደ ሰማይ ነው የሚያነሣው። ለራሴ ውሃ ልጠጣ ብል እንኳ አያምነኝም። ምን ላድርግ?

ጋሪ ነጂው፣ ፍኖተ ሰላም
አሁን ይሄ ምን ያስጨንቃል። የላይ ከንፈሩን በገመድ ጠምዘዝ አድርገህ ያዝና ጋተው። አባቶቻችን በአፍንጫ ሲግቱ ነው የኖሩት። እኔ ጋሪ የሚጎትት ፈረስ እያባበልሁ የምውልበት ጊዜ የለኝም።

የጋማ ከብት ሐኪም፣ ደብረ ማርቆስ
አያ ጋሪ ነጂው፣ አይቀየሙኝና በአፍንጫ መጋቱን ይተዉት። ፈረስ እንደ እኛ በአፉ አይተነፍስም፣ ያለችው መተንፈሻ አፍንጫው ናት። በዚያ የፈሰሰ መድኃኒት በቀላሉ ሳንባ ይገባል። ከዚያ ትኩሳት፣ ሳል፣ ከአፍንጫው የሚሸት ፈሳሽ ይመጣል። በትሉ ሳይሆን በአጋጋቱ የሞተ ፈረስ አይቻለሁ። ራስን ሽቅብ መስቀልም ያው ነው፣ መዋጡን ያስተውና ወደ ሳንባ ይነዳዋል። የብርጭቆ ጠርሙስ ደግሞ መንጋጋው ላይ ከተሰበረ ሌላ መዘዝ ነው።

ወንድሜ ባንጃ፣ ክኒኑን እንደ ዱቄት አድቅቀህ በጥቂት ውሃ በጥብጠው። መርፌው የወጣለት ባለ 60 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ግዛ። አፉ ባዶ መሆኑን እይ፤ ጉንጩ ውስጥ ገብስ ካለ ከገብሱ ጋር ነው የሚተፋልህ። ከፊቱ አትቁም፣ በግራ ትከሻው በኩል ተጠጋ። ልጓሙ የሚያርፍባት፣ ከፊት ጥርስና ከመንጋጋው መካከል ያለችው ጥርስ የሌለባት ቦታ አለች አይደል? ሲሪንጁ በዚያች በኩል ይግባና ምላሱ ላይ ይድረስ። ትንሽ ግፋ፣ ሲውጥ ጠብቅ፣ ደግሞ ትንሽ ግፋ። ካሳለ ወዲያው አቁም።

ሌላው መጠኑ ነው። በዓይን ግምት አትስጥ። ደረቱን ከፊት እግሩ ኋላ ዙሪያውን ለካው፣ ርዝመቱን ደግሞ ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫው ጫፍ። ዙሪያውን በራሱ አባዛ፣ በርዝመቱ አባዛ፣ ለ11,900 አካፍል። 150 እና 125 ሴንቲ ሜትር ከመጣልህ 236 ኪሎ ገደማ ነው ማለት ነው። ያንን ይዘህ መድኃኒቱን የሰጠህን ሰው ጠይቅ። ግማሹን ከተፋው ግማሽ መድኃኒት ነው የወሰደው፤ ትሎቹ አይሞቱም፣ ይባስ ብለው መድኃኒቱን ይለምዱታል። በዚህ ተማርረህ ደግሞ የከብቱን የትል መርፌ እንዳትወጋው፣ ለፈረስ የተሠራ አይደለም።

እማማ፣ ዳንግላ
ልጄ፣ ሐኪሙ ያለው ልክ ነው፣ ግን ፈረስህ አሁን የፈራው መድኃኒቱን አይደለም፣ ያንን ቀን ነው። ጆሮውን ይዛችሁ ሰቅላችሁታላ! መድኃኒቱን ለጊዜው ተወው። በሲሪንጁ ማር በጥብጠህ ስጠው፣ መድኃኒት የሌለበት። መጀመሪያ ከንፈሩ ላይ ብቻ ቀባ አድርግለት፣ ይላስ። በማግስቱ በአፉ ጥግ በኩል ትንሽ ጠብ አድርግለት። ማንንም አትጥራ፣ አንተና እሱ ብቻ ሁኑ። የኛው ፈረስ ባልቻው በአምስተኛው ቀን ራሱ አፉን ከፈተ። መድኃኒቱን ከጋትኸው በኋላም በማግስቱ ማሩን አትከልክለው፣ አለዚያ ይታዘብሃል።

ጋሪ ነጂው፣ ፍኖተ ሰላም
እማማ፣ ማር ለፈረስ? እኔ ሻይዬን ያለ ስኳር እየጠጣሁ ነው።

እማማ፣ ዳንግላ
ስኳርም ይሆናል የኔ ልጅ። ለፈረሱ ነው ያልሁህ ታዲያ።

ዳማው ከባንጃ
ተመልሻለሁ። ለስድስት ቀን ማር ብቻ ሰጠሁት። የመጀመሪያውን ቀን ሲሪንጁን ሲያይ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ከንፈሩ ላይ ከቀባሁለት በኋላ ቆሞ ሲልስ፣ ሲያስብ፣ እንደገና ሲልስ ቆየ። በአራተኛው ቀን ቀድሞኝ መጣና የሲሪንጁን ጫፍ በጥርሱ ቆረጠው። ሌላ ገዛሁ። ትናንት መድኃኒቱን ማር ቀላቅዬበት በአራት ጊዜ ጋትሁት። ሦስቱን በደንብ ዋጠ፣ በአራተኛው ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ጥቂቷን ጋቢዬ ላይ ረጫት። ሐኪሙ፣ ትንሽ ነች፣ ከአንድ ማንኪያ አትበልጥም፤ ልድገም ወይስ ይበቃል?

የጋማ ከብት ሐኪም፣ ደብረ ማርቆስ
ለዚያች ብለህ አትድገም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ፋንድያውን እንደገና አስመርምረው፣ ያን ጊዜ ይታያል።

ዳማው ከባንጃ
እሺ። አሁን ግን ሌላ ጣጣ መጣ፣ ኪሴን መፈተሽ ጀምሯል።