ንባቡ ውሃ ነው፣ የገባው ነገር ግን የለም

የሦስተኛ ክፍል መምህርት፣ ቢቸና
ጤና ይስጥልኝ። አንድ ተማሪ አለኝ፣ ንባቡ ውሃ ነው። ባለፈው ሳምንት ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ስለሚሄድ ባቡር ግማሽ ገጽ አስነበብሁት። አንዴ እንኳ ሳይደናቀፍ ተወጣው። "ስለምን ያወራል?" ስለው ጣሪያ ጣሪያውን አየ። "ቲቸር፣ ልድገመው?" አለኝ። ደገመው። ያው ነው።

አጠገቡ የምትቀመጠው ልጅ ደግሞ አሁንም በጣቷ እየጠቆመች ነው የምታነበው። ስለ እርሻ የሚያወራው ምንባብ አሥር ደቂቃ ፈጀባት። ሞፈሩ ከቀንበሩ ተላቀቀ የሚለው ላይ ስትደርስ ግን ቀና ብላ "ምራኑ ተበጥሶ ነዋ!" አለች። ምራን (ሞፈሩን ከቀንበሩ የሚያስረው ጠፍር) የሚል ቃል እኮ ምንባቡ ውስጥ የለም።

ሥልጠና ላይ "በጥናት የተረጋገጠ" እየተባለ የተነገረን ፊደልና ፍጥነት ነው። ሰዓት ይዘን በደቂቃ ስንት ቃል እንዳነበቡ እንቆጥራለን። በዚህ ቆጠራ እሱ ጎበዝ፣ እሷ ሰነፍ ናት። እኔ ግን አልዋጥልኝ አለ። መረዳትን መቼ ነው የማስተምረው? ፊደል ካለቀ በኋላ?

ጡረተኛ መምህር፣ ደብረ ማርቆስ
ልጄ፣ ጥናቱ እንዲያ አይልም። በ2000 (ዘመኑ በፈረንጅ ነው) የአሜሪካው ብሔራዊ የንባብ ጥናት ቡድን ያወጣው ሪፖርት አምስት ነገር ያነሳል፦ ድምፅን ለይቶ መስማት፣ ፊደልን ከድምፅ ማዛመድ፣ አቀላጥፎ ማንበብ፣ የቃላት እውቀትና አንብቦ መረዳት። መረዳት ከታች የተጻፈው መጨረሻ ይምጣ ተብሎ አይደለም። ጎፍና ተንመር የተባሉ ተመራማሪዎች ደግሞ በ1986 ማንበብ ማለት ፊደል መፍታት ሲባዛ በቋንቋ መረዳት ነው አሉ። ልብ በይ፣ ማባዛት ነው እንጂ መደመር አይደለም። አንዱ ዜሮ ከሆነ ሌላው ሺህ ቢሆን ዋጋ የለውም።

የአንቺን ልጅ የሚያስታውስ ጥናትም አለ። በ1988 ሬክትና ሌስሊ የተባሉ ተመራማሪዎች ተማሪዎችን ስለ ቤዝቦል ጨዋታ አስነበቡ። ጨዋታውን የሚያውቁት ደካማ አንባቢዎች፣ ጨዋታውን ከማያውቁት ጎበዞች የተሻለ ተረዱ። ግን ልጅቱን ምራን አወቀች ብለሽ አትተያት። ፊደሉን ካልፈታች ነገ ስለማታውቀው ነገር ማን ያነብላታል? ለመሆኑ ልጁን ባቡር ምን እንደሆነ ጠይቀሽዋል?

የአብነት ተማሪ የነበርሁ፣ ሞጣ
እኔ ዳዊት ስደግም ትንሽ ልጅ ነበርሁ። ተነሽና ወዳቂውን፣ ማለት የንባቡን ስልት፣ ካበላሸሁ የኔታ አይምሩኝም። ትርጉሙን ግን የጠየቀኝ የለም። ግዕዝ ነዋ! ምን ስል እንደኖርሁ የገባኝ ቅኔ ቤት ገብቼ ግሱን ስማር ነው።

በአማርኛ ግን ይህ አይሆንልሽም። የሚጠብቀውና የሚላላው በጽሕፈት አይለይም። እስቲ "አባቴ ገና አልመጣም፤ ለገና ይመጣል" የሚለውን ስጭው። የኋለኛውን ካላጠበቀ፣ ከንፈሩ እንጂ ሐሳቡ እዚያ የለም። መረዳት ፊደል ካለቀ በኋላ ይምጣ ቢሉ እንኳ የኛ ፊደል እሺ አይላቸውም።

ጠያቂዋ
እግዜር ይስጥልኝ ሁለታችሁንም። ገናውን ዛሬ ሞከርሁት፤ ሁለቱንም አላላቸው። "መቼ ነው የሚመጣው?" ስለው "ለገና" አለና ትንሽ ቆይቶ "ኧረ ቲቸር፣ ተሳስቻለሁ" ብሎ ራሱ አስተካከለው።

ጋሼ፣ ባቡሩንም ጠየቅሁት። "እናቴ ጤፍ የምታስፈጭበት" አለኝ። ያን ቀን ጣሪያ ጣሪያውን ያየው ለካ ወፍጮው እንዴት አድርጎ ድሬዳዋ እንደሚሄድ ጨንቆት ነው።